የጠፋው የመርፌ ጫፍ

ሰፈሩ «ቅብጥብጡ» ይለዋል። ስሙ የወጣለት በልጅነቱ ሳይሆን የልብስ ስፌት ቤቱን ከከፈተ በኋላ ነው። ሰው ሊለካ ሲመጣ ሜትሩን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ደንበኛውን ይዞራል፤ የወገቡን ሳይጽፍ ትከሻውን ይለካል፤ ትከሻው ላይ እንዳለ ካውያው ትዝ ይለውና ይሮጣል፤ ካውያው ዘንድ ሲደርስ ለምን እንደመጣ ጠፍቶት ይመለሳል። ደንበኛው እጁን እንደዘረጋ ይቆያል። ሆኖም ልብሱ ሲያልቅ ልክክ ያለ ነው፣ ስለዚህ ሰው እየሳቀም እየተማረረም ይመጣል። ሚስቱ፣ «እኔ ሳገባው ቆሞ ነበር፣ ይኸው እስከ ዛሬ አልተቀመጠም» ትላለች።

የሚቀመጠው የስፌት መኪናው ላይ ብቻ ነው። እዚያም ቢሆን ተቀመጠ የሚባለው ከወገቡ በላይ ያለው ሰውዬ ነው፤ ከወገቡ በታች ያለው ሲረግጥ ይውላል። የሙያ ጓደኞቹ ወደ ኤሌክትሪክ ከዞሩ ቆይተዋል። እሱ ግን መብራት ሲጠፋ እጃቸውን አጣጥፈው ሲቀመጡ እያየ ይስቅባቸዋል። ሥራ ሲጀምር ቀኝ ጫማውንና ካልሲውን አውልቆ ወንበሩ ስር ይከታል፤ ባዶ እግሩን የብረቱ ፔዳል ላይ ያሳርፋል። ያስተማረው ሰው እንዲህ ነበር ያስቀመጠው። ጨርቁ ሲወፍር፣ ክሩ ሊበጠስ ሲል፣ መርፌው ሲደነዝዝ፣ ሁሉንም ቀድሞ የሚያውቀው የውስጥ እግር ነው ብሎ አስተምሮታል። ለሃያ ስምንት ዓመት እውነት ነበር።

ስኳር ከያዘው ሰባት ዓመቱ ነው። መድኃኒቱን በሰዓቱ ይውጣል፤ በዚህ አይታማም። ክኒን መዋጥ ቶሎ የሚያልቅ ነገር ስለሆነ ይወደዋል። የማይወደው ቁጭ ተብሎ የሚሠራውን ነው። እግር በሳፋ ታጥቦ፣ በጣቶቹ መሃል እየገቡ አድርቆ፣ ተረከዝን ቅባት ቀብቶ፣ ዐይን እስኪደክም የውስጥ እግርን ማየት ለእሱ የእስር ቅጣት ነው። ከሁለት ዓመት በፊት እግሩ ላይ ጉንዳን የሚሄድበት ይመስለው ጀመር። ቀጥሎ ጥጥ ላይ የሚራመድ መሰለው። ከዚያ ጉንዳኑም ጥጡም ጠፉ። ቅብጥብጡ ለሚስቱ «ተሻለኝ» ብሎ ነገራት። እሷም አመነች።

ግን መኪናው ላይ ሲቀመጥ ልቡ ያውቀው ነበር። ፔዳሉ ዝም ብሎታል። ጨርቅ ሲወፍር እግሩ አልነግረው አለ፤ ስለዚህ በጆሮው መስማት ለመደ። መርፌው ወፍራም ጨርቅ ሲወጋ ድምፁ ይሰፋል፤ ቀበቶው ሲላላ ያፏጫል። ቅብጥብጡ በዚህ ዕድሜው እንደ አዲስ ሙያ ተማረ፤ አንድ ሰውም አልነቃበትም። ነገሩን ለማንም ሳይተነፍስ በሆዱ ይዞት ዞረ። ሰው «እግርህ እንዴት ነው?» ሲለውም ወሬ ይቀይር ነበር።

ባለፈው ወር ጤና ጣቢያ የቀጠሮው ቀን ነበር። ከፊቱ ወረፋ የያዘው ሰውዬ የአንድ መጋዘን ጥበቃ ነው። ገብቶ ሲወጣ ፊቱን ጥሏል። ለቅብጥብጡ እንደነገረው፣ ሲስተሯ እግሩን በክር ስትነካው አልሰማም፤ እንግዲህ ሙሉ ቀን መቆም ቀርቶብሃል፣ በየሦስት ወሩ እየመጣህ ትታያለህ፣ የምታደርገውም ጫማ ይለወጣል ተብሏል። ቅብጥብጡ ከዚህ ሁሉ የሰማው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሰውየው ከሥራው ሊነሳ ነው። ተራው ሲደርስ ገባ።

ሲስተሯ ወጣት ናት፤ ከጠዋት ጀምሮ እግር ስታይ ውላ ዐይኗ ቀልቷል። በእጇ የያዘችው ጫፉ ላይ የናይለን ክር የተተከለበት ትንሽ እጀታ ነው። ቅብጥብጡ የክር ሰው ነውና ይቺ ክር ለዓሣ ማጥመጃ እንኳን አትሆንም ብሎ አሾፈ። ሳቀች። ዐይኑን እንዲጨፍንና ስትነካው በተሰማው ቁጥር «አዎ» እንዲል ነገረችው። በግራ እግሩ ጀመረች፤ አንዱን ሰማ፣ ሌላውን አልሰማም፣ እንደምንም አለፈ። ወደ ቀኙ ዞረች።

ምንም የለም። ዐይኑን ጨፍኖ ጠበቀ፣ ምንም የለም። ያኔ ጆሮው ሥራ ጀመረ። የሲስተሯ የጋዋን እጅጌ እጇን ባነሳች ቁጥር ኮሽ ይላል፤ ክሩ ሲነሳም ትንፋሿን ትለቃለች። ደክሟታልና ምቷ እኩል ነው፤ ኮሽ፣ ትንፋሽ፣ ኮሽ፣ ትንፋሽ። ይህማ ዕድሜውን ሙሉ ሲከተለው የኖረው ነገር ነው። በምቱ ገብቶ «አዎ» አለ። ደግሞ «አዎ» አለ። ዐሥር ጊዜ «አዎ» አለና ዐይኑን ገለጠ። ሲስተሯ ካርዱ ላይ «ደህና» ብላ ጻፈች።

እንደዚያም ሆኖ ለሁሉም የምትለውን አለችው። ማታ ማታ እግርዎን ይዩ፤ ከስር ማየት ካቃተዎ መስታወት መሬት ላይ ያድርጉ። ውሃውን በእግርዎ ሳይሆን በክርንዎ ይሞክሩት። ቤት ውስጥም ቢሆን በባዶ እግር አይሂዱ። ጫማዎን ከማጥለቅዎ በፊት ያራግፉት። ካልሲዎ ነጭ ይሁን፣ ደም ቢኖር ያሳብቃል። እሱም እሺ፣ እሺ እያለ አንድ እግሩን በሩ ላይ አድርጎ ነበር። ነጭ ካልሲ የሚያደርግ ሙሽራ ነው ብሎ በልቡ አሾፈና ዐሥር የተሰረቀ «አዎ» ይዞ ወጣ።

ሚስቱ የምትሠራው አንድ ሆቴል የልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ ነው። ማታ ስትገባ ውጤቱን ጠየቀችው። «የሃያ ዓመት ጎረምሳ እግር ነው አለችኝ» አላት። ደስ ብሏት በማግስቱ ለሥራ ባልደረቦቿ ሁሉ አወራች። እሱ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ጭራሽ የባሰበት ሆነ። ቀድሞ ሥራ ሲኖረው ነበር የሚቅበጠበጠው፤ አሁን ያለ ሥራም ይነሳል፣ ይቀመጣል፣ በር ይከፍታል፣ ይዘጋል። አንድ ነገር ሊደርስበት ነው፤ ምን እንደሆነ ደግሞ ከእሱ በቀር የሚያውቅ የለም።

የደረሰው ረቡዕ ነው። ከፌርማታው ማዶ ያለው ትምህርት ቤት አስተማሪ ለአምስት ዓመት ልጇ በጥጥ የተሞላ ካፖርት አዝዛ ነበር። አንገትጌው ላይ ጨርቁ አራት ድርብ ሆኗል፤ ጥጡ ሲጨመርበት ደግሞ ወፍራም ነው። ድሮ ቢሆን የውስጥ እግሩ «ቀስ በል» ይለው ነበር። ጆሮው ዘገየ። መርፌው ቀጭ አለና ተሰበረ።

የሰፊ ሁሉ ሕግ አንድ ነው፤ መርፌ ከተሰበረ ስባሪው በሙሉ ሳይገኝ ሌላ ስፌት አይሰፋም። ስባሪዎቹን ወረቀት ላይ ገጥሞ መርፌው ሙሉ መሆኑ ይታያል፤ ከዚያ በኋላ ነው አዲስ መርፌ የሚገባው። አለዚያ ጫፉ አንገትጌ ውስጥ ቀርቶ ሰው ይወጋል። ቅብጥብጡ በዚህ ሕግ ቀልድ አያውቅም። ላይኛው ስባሪ መኪናው ላይ ተተክሎ ቀርቷል። መሃሉን ጨርቁ ላይ አገኘው። ጫፉ የለም። ከወንበሩ ብድግ ብሎ ቀኝ እግሩ ባዶ እንደሆነ በክፍሉ ውስጥ ይመላለስ ጀመር፤ ጎንበስ ይላል፣ ጠረጴዛውን ይገፋል፣ ቅዳጁን ይረግጣል፣ መጋረጃውን ያራግፋል። ከአሮጌ ራዲዮ ያወጣው ማግኔት ነበረው፤ ወለሉን ጥግ በጥግ ጠረገበት። ሰባት ስፒልና አንድ መርፌ ቁልፍ ወጣ። ጫፉ አልወጣም።

በቃ፣ ካፖርቱ ውስጥ ነው አለ። ሁለቱን ስባሪዎች በወረቀት ጠቅልሎ ሸሚዝ ኪሱ ከተተ። ጥቁር ካልሲውንና ጫማውን አጥልቆ ካፖርቱን ይዞ ወደ ቤቱ ሄደ።

ሐሙስ አስተማሪዋ ስፌት ቤቱ መጣች። ትንሽ ቀርቶታል አላት። አንገትጌውን ፈትቶ ማግኔቱን አስኬደበት፤ ምንም። እጅጌዎቹን ፈታ። አርብ ደግማ መጣች፤ ልጄ በብርድ ነው የምትሄደው ብላ ቅር አላት። እሱም ይቅርታ እየጠየቀ አንድ የስፌት ችግር አለ ከማለት ሌላ ቃል አልወጣውም። እንደሄደች ገበሩን ገነጠለው፤ ጥጡን አውጥቶ በጣቱ እየበተነ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ። የሦስት ሳምንት ሥራ እንደ ተነጨ ዶሮ ሆነ። ጫፉ የለም። ዐይኑን በጨፈነ ቁጥር ልጅቷ አንገቷን ይዛ ስትጮህ ይታየዋል። ምግብ አልበላ አለው፤ ብርድ ብርድ አለው። ቀኝ ጫማው ጠብቦት ስለነበር ክሩን አላላው። ጉንፋን ሊይዘኝ ነው አለ። እዚህ ላይ ሰውየውን ይዞ መነቅነቅ ያምራል፤ የልጅቷን ካፖርት እስከ ጥጡ ድረስ ሲበረብር የራሱን እግር አንዴ እንኳን ገልብጦ አላየም።

ቅዳሜ ጠዋት ሚስቱ የቤቱን ልብስ ታጥባለች። ሳምንቱን ሙሉ የሰው አንሶላ አጥባ ቅዳሜ የራሷን ማጠብ ዕዳዋ ነው፣ ግን ልብስ ማጠቢያ ሳፋዋ ውስጥ ሌላ ሰው እጁን እንዲያስገባባት አትወድም። ቅብጥብጡ ግቢው ውስጥ ወዲህ ወዲያ ይላል። ድንገት ማጠቧን አቆመች። የቀኝ እግሩን ጥቁር ካልሲ ገልብጣ እጇ ላይ አጥልቃው ነበር።

«ና እስቲ» አለችው።

ካልሲው ስር፣ ከአውራ ጣቱ ዝቅ ብሎ፣ ጨርቁ ደርቆ ተኮማትሯል። ሳፋው ውስጥ ያለው ውሃ ፈዘዝ ያለ ቀይ መልክ ይዟል።

«ከፔዳሉ የመጣ ዝገት ነው» አላት።

«ዝገት በቀዝቃዛ ውሃ አይለቅም። ይሄ ለቀቀ።» እርጥብ እጇን ቀሚሷ ላይ ጠረገች። «ጫማህን አውልቅ።»

በአንሶላ ላይ ያለ ነጠብጣብ ሻይ ይሁን፣ መድኃኒት ይሁን፣ ደም ይሁን ሩቅ ሆና የምትለይ ሴት ናት። መከራከር እንደማያዋጣው ያውቃል። አልጋው ጫፍ ላይ አስቀመጠችው። ደንበኞች ጀርባቸውን የሚያዩበት የእጅ መስታወት ከስፌት ቤቱ መጥቶ ሳጥኑ ላይ ነበር፤ አንስታ ከእግሩ ስር ያዘችለት። ቅብጥብጡ የውስጥ እግሩን ካየ ስንት ጊዜው እንደሆነ አያውቅም። የሌላ ሰው እግር መሰለው። በደነደነው ቆዳ መሃል ጥቁር ነጥብ አለ። ዙሪያው ቀልቶ አብጧል፤ ቅላቱ እስከ እግሩ ጀርባ ወጥቷል። ሚስቱ ጣቷን ጠጋ ስታደርግ መግል ብቅ አለ። ከመግሉ መሃል አንድ ነገር አብለጨለጨ።

መጀመሪያ የተሰማው ደስታ ነው። እውነት ለመናገር ሌላ ምንም አልተሰማውም።

«ተገኘ» አለ በቀስታ። «ልጅቷ ተረፈች።»

ሚስቱ መስታወቱን አልጋው ላይ ወረወረችው። «የቷ ልጅ?»

ያኔ ሁሉንም ዘረገፈው። መርፌውን፣ ካፖርቱን፣ አስተማሪዋን፤ ከዚያም የማይናገረውን፣ የኮሽታውንና የትንፋሹን ምት፣ ዐሥሩን «አዎ»። እየተናገረ እጁ ወደ ወረንጦው ይሄድ ነበር፤ በሱ ቤት ነቅሎ ሊገላገል ነው። መታችው፣ እጁን። ከዚያ አለቀሰች። እኔ የጎረምሳ እግር አለው ብዬ ለስንቱ አወራሁ፣ እያለች አለቀሰች። ቅብጥብጡ ሚስቱ ስታለቅስ የሚገባበት ይጠፋዋል፤ ያን ቀን ግን መሸሽም አይችል፣ እግሩ እጇ ላይ ነው። ቁስሉን በንጹህ ጨርቅ ሸፍና፣ እንዳይረግጥ በትከሻዋ ደግፋ ታክሲ ላይ ጫነችው።

ጤና ጣቢያው ወደ ሆስፒታል ላከው። ራጅ ተነሳ። ሐኪሙ ፊልሙን ወደ ብርሃን አንስቶ አሳየው፤ ጫፉ ቁልጭ ብሎ ይታያል፤ ከሱና ከአጥንቱ መሃል ያለው የአንድ ቁልፍ ውፍረት ነው። አጥንቱ ጋ ቢደርስ ኖሮ አውራ ጣትህን፣ ምናልባትም ከዚያ በላይ ስለመቁረጥ ነበር የምንነጋገረው አለው። ቅብጥብጡ ስባሪው ሲወጣለት እንዲሰጡት ለመነ። ሲሰጡት ከኪሱ ወረቀቱን አውጥቶ ዘረጋና ሦስቱን ገጠማቸው። መርፌው ሙሉ ሆነ። ሐኪሙ ምን እንደሚሠራ አልገባውም፤ ሚስቱ ግን ገብቷታል።

ከዚያ በኋላ ያለው ሦስት ሳምንት ለሰፈሩ መሳቂያ ሆነ። መርገጥ የለም ተብሏል። በየቀኑ የሚዋጥ መድኃኒት ተሰጠው፤ ፋሻው በየሁለት ቀኑ ጤና ጣቢያ ይቀየራል። ቅብጥብጡ እግሩን ወንበር ላይ ሰቅሎ በሩ ላይ ተቀመጠ፤ አላፊ አግዳሚው ቆም እያለ አየው። አንዱ ጎረቤት ሐውልት ተሠራልህ እንዴ ብሎ አለፈ። ሰውነቱ እዚያ ቢቀመጥም ጣቶቹ አላረፉም፤ ጉልበቱን ይደበድባሉ፣ የበሩን ቀለም ይልጣሉ። በሁለተኛው ቀን ሚስቱ የካፖርቱን ቁርጥራጭና የእጅ መርፌ ጭኑ ላይ ጣለችለት። አምስት ቀን ሙሉ በእጁ ሰፋው። አስተማሪዋ ስትመጣ የዘገየበትን ምክንያት ሳይደብቅ ነገራት። እሷም ልጇን አልብሳ አዙራ አየቻትና አንገትጌውን በእጇ ደጋግማ ዳበሰችው። ቅር አላለውም።

ማታ ማታ ሚስቱ ሳፋውን ታቀርባለች። ውሃውን በክርኗ ትሞክረዋለች። የደህናውን እግር ጣቶች አንድ በአንድ እያላቀቀች ታደርቃለች፤ መስታወቱን ከስር ትይዛለች። በመጀመሪያው ሳምንት እሱ ጣሪያ ጣሪያውን ያይ ነበር። በሁለተኛው መስታወቱን ተቀብሎ ራሱ ያዘ። ወደፊት የመኪናውን ፔዳል እንዴት እንደሚረግጥ ግን አልጠየቀችውም፣ እሱም አላነሳውም። ስፌት ቤቱ ጥግ መኪናው ጨርቅ ለብሶ ቆሟል።

በሦስተኛው ሳምንት መጨረሻ ፋሻው ሲፈታ ቁስሉ ገጥሞ ነበር። ሲስተሯ ካርዱን ገለጠች። በራሷ እጅ የጻፈችው «ደህና» ላይ ዐይኗ ሲያርፍ ቀና ብላ አየችው። ቅብጥብጡ ዐይኑን በጨው አጥቦ ሊክድ ይችል ነበር። አልካደም። የጋዋንዋን እጅጌ፣ ትንፋሿን፣ እንዴት እንደተከተላት፣ ፔዳሉንም በባዶ እግሩ እንደሚረግጥ ነገራት። ስለ ጥበቃው ሰውዬም ነገራት፤ ያን ሰውዬ ከሥራው ያነሳችሁት መስሎኝ ነው አላት። ሰውየው እኮ የሚቀመጥበት ወንበር ተሰጥቶት እዚያው እየሠራ ነው አለችው። ቅብጥብጡ አፈረ።

«ጥፋቱ የኔም ነው ጋሼ» አለች። «እንደ መኪና ነው የነካሁዎት። አሁን እንደገና እንየው።»

«ካልሰማሁስ?»

«ፔዳሉን ጫማ አድርገው ይረግጣሉ። ለመልመድ ጊዜ ይወስዳል። ከስር ደግሞ በየማታው ያያሉ።»

እጅጌዋን እስከ ክርኗ ጠቀለለች። ቅብጥብጡ ጀርባውን ወንበሩ ላይ አስደግፎ ዐይኑን ጨፈነ። ሁለት እጁን ጭኑ ላይ አድርጎ ጣቶቹን አቆላለፋቸው፣ እንዳይቅበጠበጡ። ከውጭ የወረፋተኛው ወሬ ይሰማል፣ አንድ ሕፃን ያለቅሳል። ኮሽታ የለም። ትንፋሽ የለም። ሚስቱ በሩ አጠገብ ቆማ ታየው ነበር፤ ሃያ ስድስት ዓመት አብራው ስትኖር እንዲህ ረግቶ አይታው አታውቅም። እሱ ጠበቀ። ቢነካኝ እሰማለሁ ብሎ ሙሉ ልቡን እዚያች እግር ላይ ጥሎ ጠበቀ። ደግሞ ጠበቀ። ሲቆይበት እንዳትቀየመው ብሎ ለስለስ አድርጎ ጠየቃት።

«ሲስተር፣ አልጀመርሽም እንዴ?»

«ጨርሻለሁ፣ ጋሼ።»

ቅብጥብጡ ዐይኑን ገለጠ። ለመነሳት አልቸኮለም፤ ጎንበስ ብሎ እግሩን በሁለት እጁ ይዞ ገለበጠውና አየው።